የተማሪዎች የቪዲዮ ሥራ፦ ከሐሳብ እስከ ማስረከቢያ ቀን

በቪዲዮ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ለቡድን የተሰጠ ሥራ ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በካሜራው ላይ ይላከካል። የተበላሸውን ሥራ ወደ ኋላ ተመልሶ ለመረመረ ሰው ግን፣ ችግሩ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ሊወሰን ሲገባው ሳይወሰን የቀረ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። አንድን ትዕይንት ከወረቀት ላይ ለመሰረዝ አንድ የብዕር ጭረት ይበቃል፤ ያንኑ ትዕይንት በቀረጻ ቦታ ለመለወጥ ተዋናዮችንና የቡድኑን አባላት ለሰዓታት ማቆም ያስፈልጋል፤ ከቀረጻ በኋላ ደግሞ ያልተቀረጸን ነገር በኤዲቲንግ መፍጠር አይቻልም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከ3 እስከ 10 ደቂቃ የሚረዝም አጭር ልብ ወለድ ፊልም ወይም ጥናታዊ ሥራ ለሚሠሩ፣ ከ3 እስከ 6 አባላት ላሏቸው ቡድኖች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጉዳይ ለመለወጥ ቀላል በሆነበት ሰዓት እንዲወሰን በማሰብ ሥራውን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል።

1. የሥራውን መግለጫ አብሮ ማንበብ

መምህሩ የሰጡትን የሥራ መግለጫ የቡድኑ አባላት በሙሉ አንድ ላይ ሆናችሁ አንብቡት። የሚፈቀደውን ርዝመት፣ የፋይሉን ዓይነት፣ የማስረከቢያውን ቀንና ሰዓት፣ ከቪዲዮው ጋር መቅረብ ያለባቸውን ጽሑፎች እንዲሁም የማርክ አሰጣጡን በአንድ ገጽ ላይ ለይታችሁ ጻፉ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ቡድኖች የሚዘነጉት የመጨረሻውን ነው። መግለጫው ለብርሃን አጠቃቀም ወይም ለድምፅ ጥራት ከፍተኛ ማርክ የመደበ ከሆነ፣ ሐሳባችሁም ያንን ችሎታ ለማሳየት የሚያስችል መሆን ይኖርበታል። ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ፤ ለምሳሌ ከክፍሉ ውጭ የሆኑ ተዋናዮችን ማሳተፍ፣ በሌሎች የተሠራ ሙዚቃን መጠቀም ወይም በስልክ መቅረጽ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ኋላ ላይ ከሚመጣ ድንጋጤ ያድናል።

2. ከማስረከቢያው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር

የጊዜ ሰሌዳ ሲወጣ የተለመደው አካሄድ ከዛሬ ተነስቶ ወደፊት መቁጠር ነው። በዚህ አካሄድ መጀመሪያ ላይ ያሉት ሥራዎች ሰፊ ጊዜ ይወስዱና መጨረሻ ላይ ያለው ኤዲቲንግ በሁለት ሌሊት እንዲያልቅ ይገደዳል። ስለዚህ ሰሌዳውን ከመጨረሻው ቀን ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሥሩት። ሥራው 6 ሳምንት ተሰጥቶት ከሆነ፣ የመጨረሻዎቹን 3 ቀናት ለምንም ነገር አትመድቧቸው፤ እነዚህ ፋይል ሲበላሽ፣ ኮምፒውተር ሲቆም ወይም አባል ሲታመም የሚውሉ መጠባበቂያዎች ናቸው። ከእነርሱ በፊት ያለውን አንድ ሳምንት ለድምፅ፣ ለቀለም ማስተካከያና ለጽሑፎች፣ ከዚያ በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንታት ለኤዲቲንግ መድቡ። ቀረጻው በሦስተኛው ሳምንት ተጀምሮ በዚያው ያልቃል፤ በተጨማሪም ዝናብ ወይም ሌላ እክል ቢያጋጥም የሚተካ አንድ ትርፍ የቀረጻ ቀን ከወዲሁ ተይዞ ተዋናዮችም ይህንኑ ቀን ክፍት እንዲያደርጉ ይነገራቸዋል። በዚህ ስሌት ለሐሳብ፣ ለስክሪፕትና ለዝግጅት የሚቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ይህ የሚያስደነግጥ ቢመስልም ቡድኑ ሐሳቡን በአቅሙ ልክ እንዲመርጥ ያስገድደዋል።

በሰሌዳው ላይ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን የአንድ ሰው ስም ይጻፍ። የሁለት ሰው ስም የተጻፈበት ሥራ፣ አንደኛው ሌላኛው ይሠራዋል ብሎ ስለሚጠብቅ፣ ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ይቀራል።

3. ሐሳብን በአቅም ልክ መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩ ቡድኖች የሚያመጡት ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ለረጅም ፊልም የሚበቃ ነው፤ የብዙ ዓመታት ታሪክ፣ አሥር ገጸ ባሕርያት፣ የሌሊት የመኪና ማሳደድና የሕልም ትዕይንት በ5 ደቂቃ ውስጥ እንዲገቡ ይፈለጋል። ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከእናንተ ካሜራ፣ መብራትና ቀናት ጋር ስለማይመጣጠን ነው። ለአጭር ሥራ የሚበቃው አንድ ሰው፣ ያ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር፣ እንዲሁም እርሱን የሚከለክል አንድ እንቅፋት ነው። ሐሳባችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሞክሩ፤ ዓረፍተ ነገሩ «ከዚያም» የሚለውን ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ ከፈለገ ታሪኩ ረዝሟል ማለት ነው።

ሐሳቡን ከመምረጣችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን ነገር ዘርዝሩ። ያለ ክፍያና ያለ ችግር ልትቀርጹባቸው የምትችሉ ቦታዎች የትኞቹ ናቸው? በተባለው ሰዓት ይገኛሉ ብላችሁ የምታምኗቸው ተዋናዮች ስንት ናቸው? ያሏችሁ ማይኮችና መብራቶች ምን ዓይነት ናቸው? ከዚህ ዝርዝር ተነስቶ የተጻፈ ታሪክ፣ ታሪኩ ከተጻፈ በኋላ ዕቃና ቦታ ከሚፈለግለት ሥራ በእጅጉ የተሻለ ዕድል አለው። የሌሊት ትዕይንት፣ የሕዝብ ብዛት የሚታይበት ትዕይንት፣ ሕፃናት ወይም እንስሳት የሚሳተፉበት ትዕይንት እያንዳንዱ የቀረጻ ጊዜውን ያራዝማል፤ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ብትመርጡ ይበቃል፣ ከተቻለም አንዱንም አለመምረጥ ይመረጣል።

ጥናታዊ ሥራ ለሚሠሩ ቡድኖች ፈተናው የተለየ ነው። ርእሰ ጉዳይ አለን ብለው ይነሳሉ፤ ነገር ግን ርእሰ ጉዳይ ብቻውን ፊልም አይሆንም። «ስለ ውኃ እጥረት» የሚል ርእስ ካሜራው የት እንደሚቆም አይናገርም፤ «ውኃ ለመቅዳት በየቀኑ ሌሊት የምትነሣ አንዲት እናት ከመነሣቷ እስከ መመለሷ» የሚል ሐሳብ ግን ማንን፣ የትና መቼ እንደምትቀርጹ ይነግራችኋል። ከመወሰናችሁ በፊት ባለታሪኳን ያለ ካሜራ አግኝታችሁ አነጋግሩ፤ ለመቀረጽ ፈቃደኛ መሆኗን ብቻ ሳይሆን በዕለት ኑሮዋ ውስጥ በምስል ሊታይ የሚችል ድርጊት መኖሩንም አረጋግጡ። ቁጭ ብሎ ከመናገር ሌላ የሚታይ ነገር ከሌለ፣ ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንድ ሰው ፊት ይሆናል።

4. ስክሪፕቱን መጻፍና በሰዓት መለካት

በተለመደው የስክሪፕት አጻጻፍ አንድ ገጽ ወደ 1 ደቂቃ ገደማ ፊልም ይሆናል ተብሎ ይገመታል። ይህ ግምት የሚሠራው ግን በአጻጻፍ ሥርዓቱ መሠረት ለተጻፈ ስክሪፕት ስለሆነ፣ በማስታወሻ ደብተር ላይ ለተጻፈው የበለጠ አስተማማኝ መለኪያ ድምፅን አውጥቶ ማንበብ ነው። አንድ ሰው ድርጊቱን፣ ሌሎቹ ንግግሩን እያነበቡ፣ ዝም የሚባልባቸውን ቦታዎችም ዝም እያላችሁ፣ በሰዓት ለኩት። የተፈቀደላችሁ 5 ደቂቃ ሆኖ ንባቡ 7 ደቂቃ ከፈጀ፣ የሁለት ደቂቃ ትዕይንት ሰርዙ፤ በኤዲቲንግ እንቆርጠዋለን ብሎ መተው፣ አውቃችሁ የምትጥሉትን ነገር ለመቅረጽ ግማሽ ቀን ማጥፋት ነው።

በስክሪፕቱ ላይ የሚጻፈው የሚታየውና የሚሰማው ብቻ ይሁን። «አበበ ያለፈውን ሕይወቱን እያሰበ ይጸጸታል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለልብ ወለድ መጽሐፍ ይሆናል፤ ካሜራ ጸጸትን በቀጥታ መቅረጽ አይችልምና። አበበ ስልኩን አንስቶ ቁጥር ከደወለ በኋላ ከወዲያኛው ወገን ሳይነሣ ራሱ ቢዘጋው ግን፣ ተመልካቹ ጸጸቱን ከድርጊቱ ይረዳዋል። እያንዳንዱ ትዕይንት ከላዩ ቁጥር፣ የውስጥ ወይም የውጭ መሆኑ፣ ቦታውና ጊዜው ይጻፍበት፤ ይህ መግለጫ በኋላ የቀረጻ ሰሌዳ ስታወጡ ዋናው መሣሪያችሁ ነው።

5. ኃላፊነትን መከፋፈል

ዳይሬክተሩ ፊልሙ ምን መምሰል እንዳለበት ይወስናል፣ ተዋናዮችንም ይመራል። ፕሮዲዩሰሩ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ፈቃዱን፣ ምግቡንና መጓጓዣውን ያደራጃል። የካሜራ ባለሙያው ምስሉንና መብራቱን፣ የድምፅ ባለሙያው ድምፁን፣ ኤዲተሩ ደግሞ የፋይሎችን አያያዝና ቅንብሩን ይይዛል። ቡድኑ ትንሽ ከሆነ አንድ ሰው ሁለት ኃላፊነት ሊደርብ ይችላል፤ ፕሮዲዩሰሩ ኤዲተር ቢሆን ብዙም ችግር አይፈጥርም። ካሜራና ድምፅ ግን በአንድ ሰው እጅ መሆን የለባቸውም፣ ምክንያቱም ዓይኑን በምስሉ ላይ ያሳረፈ ሰው የማይክ ገመድ ሲንኳኳ አይሰማም። ዳይሬክተሩ ራሱ እንዳይተውንም እመክራለሁ።

በጓደኛሞች መካከል የሚፈጠረው ጭቅጭቅ በአብዛኛው የሚመጣው የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ስላልተነገረ ነው። በቀረጻ ቦታ ላይ የመጨረሻው ቃል የዳይሬክተሩ መሆኑን፣ ሰዓት ሲያልቅ ቀረጻውን የማስቆም ሥልጣን ደግሞ የፕሮዲዩሰሩ መሆኑን በመጀመሪያው ስብሰባ ተስማምታችሁ በጽሑፍ አስፍሩት።

6. የሾት ዝርዝር፣ የቦታ ጉብኝትና የቀረጻ ሰሌዳ

ከዝግጅቱ ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው። ስክሪፕቱን ትዕይንት በትዕይንት ውሰዱና እያንዳንዱ በስንት ሾት፣ ማለትም ካሜራው ሳይቋረጥ በሚወስደው ነጠላ ምስል፣ እንደሚቀረጽ ወስኑ። በሾት ዝርዝሩ ላይ የትዕይንቱ ቁጥር፣ የሾቱ ቁጥር፣ የምስሉ ስፋት፣ የካሜራው እንቅስቃሴ፣ በምስሉ ውስጥ ማን እንደሚታይና ድምፅ መቅዳት ያስፈልግ እንደሆነ ይጻፋል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ብንወስድ፣ ሁለቱንም የሚያሳይ አንድ ሰፊ ሾት፣ የእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የቅርብ ሾት፣ እንዲሁም በጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብዳቤ ብቻ የሚያሳይ አንድ ሾት ይበቃል። ይህ አራተኛው ሾት ትንሽ ቢመስልም፣ በኤዲቲንግ ጊዜ ንግግር ለማሳጠር ወይም የተሳሳተ እንቅስቃሴ ለመሸፈን የሚጠቅመው እርሱ ነው።

በዚሁ ትዕይንት ካሜራው የት እንደሚቆም ስትወስኑ በሁለቱ ተናጋሪዎች መካከል አንድ መስመር አስቡ። ካሜራው ሁሉንም ሾቶች ከመስመሩ በአንድ ወገን፣ ማለትም በ180 ዲግሪ ክልል ውስጥ ሆኖ ከወሰደ፣ አንደኛው ሰው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ ሌላኛው ወደ ግራ ሲመለከት ይታያል። ካሜራው መስመሩን ከተሻገረ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመለከቱ ይመስላሉ፤ ተመልካቹም የሚነጋገሩት እርስ በርሳቸው መሆኑን ይጠራጠራል። ይህን ለመከላከል ስቶሪቦርድ፣ ማለትም ሾቶቹን አስቀድሞ በተከታታይ ሥዕል የሚያሳይ ወረቀት፣ ይረዳል። ለስቶሪቦርድ የሥዕል ችሎታ አያስፈልግም፤ ክብ ራስና ቀጥ ያለ አካል ያላቸው ሰዎች፣ ወዴት እንደሚመለከቱ የሚያሳይ ቀስት ከተደረገላቸው በቂ ናቸው። ሥዕል የሚከብደው ቡድን በቦታው ተገኝቶ በስልክ ፎቶ እያነሳ ዝርዝሩን ቢያሟላ እኩል ውጤት ያገኛል።

የቀረጻ ቦታውን አስቀድማችሁ ጎብኙ፤ ጉብኝቱም ቀረጻው በሚደረግበት ሰዓት ይሁን። በጠዋት ጸጥ ያለ ክፍል ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች ጫጫታ ሊሞላው፣ በ4 ሰዓት ብርሃን የነበረው መስኮትም በ10 ሰዓት ጨለማ ሊሆን ይችላል። በጉብኝቱ ጊዜ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት የት እንዳለ፣ እንደ ማቀዝቀዣ ወይም ጄኔሬተር ድምፅ የሚያሰማ ነገር መኖሩንና ሊጠፋ መቻሉን፣ ተዋናዮች ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል መኖሩን ተመልከቱ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁም አንድ ደቂቃ ያህል አዳምጡ፤ ጆሮ የለመደውንና የማያስተውለውን ድምፅ ማይክ አይምረውም።

ከዚህ በኋላ ሾቶቹን በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በቦታና በብርሃን አቅጣጫ መድቧቸው። ትዕይንት 1 እና ትዕይንት 7 በአንድ ክፍል የሚቀረጹ ከሆነ በአንድ ቀን ይቀረጹ፤ ካሜራው ወደ መስኮቱ የሚያይባቸው ሾቶች በሙሉ በአንድነት ካለቁ በኋላ ብቻ ካሜራና መብራት ወደ ሌላው አቅጣጫ ይዙሩ። ጀማሪ ቡድን ለአንድ አዲስ የካሜራ አቀማመጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢመድብ ከእውነታው አይርቅም፤ በዚህ ስሌት በ6 ሰዓት የሥራ ቀን ውስጥ፣ ዕረፍቱንና ዕቃ መዘርጊያውን ቀንሰን፣ ሊቀረጹ የሚችሉት ከ10 እስከ 12 የሚሆኑ አቀማመጦች ናቸው። ዝርዝራችሁ 30 ከሆነ ሁለት ምርጫ አለ፦ ቀን መጨመር ወይም ሾት መቀነስ። «በፍጥነት እንሠራለን» የሚባል ሦስተኛ ምርጫ የለም። በዝርዝሩ ላይ የግድ የሚያስፈልጉትን ሾቶች በምልክት ለዩና በየትዕይንቱ መጀመሪያ እነርሱን ቅረጹ።

7. ፈቃድ

በምስሉ ከሚታየው ሰው ሁሉ ምስሉንና ድምፁን ለመጠቀም መፍቀዱን የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ውሰዱ፤ ዕድሜው ለአካለ መጠን ካልደረሰ የሚፈርመው ወላጁ ወይም አሳዳጊው ነው። ቦታው የሌላ ሰው ወይም የተቋም ከሆነ ከባለቤቱ በጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሙዚቃን በተመለከተ አንድ ነገር ብዙዎችን ያሳስታል፦ ደራሲው ከረጅም ዘመን በፊት የሞተ ሙዚቃ ድርሰቱ ለሁሉም ነጻ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ድርሰት በቅርብ ጊዜ የተጫወተው ኦርኬስትራ የቀረጸው ድምፅ ግን የራሱ የመብት ባለቤት አለው። ስለዚህ ወይ በክፍላችሁ ያለ ሙዚቀኛ ይጫወትላችሁ፣ ወይም የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ባለቤቱ ሌሎች በተወሰነ ግዴታ እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የሚሰጠው ፈቃድ) የተሰጠውን ሥራ ፈልጋችሁ በፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ግዴታ፣ በተለይም የባለቤቱን ስም የመጥቀስ ግዴታን፣ ፈጽሙ።

8. መሣሪያን ማዘጋጀትና መሞከር

ከቀረጻው ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ካሜራውን፣ ማይኩን፣ የጆሮ ማዳመጫውን፣ ትሪፖዱንና መብራቱን አውጥታችሁ የአንድ ደቂቃ የሙከራ ቀረጻ አድርጉ፤ የተቀረጸውንም ኤዲቲንግ በምትሠሩበት ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ኮምፒውተሩ የካሜራውን ፋይል የማያነብ ከሆነ ይህንን ማወቅ ያለባችሁ ያን ቀን ነው።

ከአንድ በላይ ካሜራ የምትጠቀሙ ከሆነ በሁሉም ላይ የምስሉ መጠንና በሰከንድ የሚቀረጸው የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት አንድ ዓይነት ይሁን። ለክፍል ሥራ 1920 በ1080 መጠንና 25 ፍሬም በሰከንድ በቂ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ሹተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ሲደረግ የእንቅስቃሴው መልክ ለዓይን የተለመደ ይሆናል፣ የአንዳንድ መብራቶች መርገብገብም ይቀንሳል፤ ኃይሉ 60 ኸርዝ በሆነበት አገር 30 ፍሬምና 1/60 ይመረጣል። ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ፣ ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ አትተዉት፤ በአንድ ትዕይንት መካከል ቀለሙን ሊለውጥ ይችላልና። ለቀን ብርሃን ወደ 5600 ኬልቪን፣ ለቢጫማ የቤት አምፖል ወደ 3200 ኬልቪን ገደማ አድርጋችሁ አጽኑት። በአንድ ክፍል ውስጥ የመስኮት ብርሃንና ቢጫ አምፖል ከተቀላቀሉ፣ ከሁለቱ አንዱን ማጥፋት ወይም መጋረድ ከማንኛውም የቀለም ማስተካከያ ይበልጣል።

የሜሞሪ ካርዱ መብቃቱን አስሉ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ በአንድ ሰዓት ቀረጻ ወደ 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ እንግዲህ 64 ጊጋባይት ያለው ካርድ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ጊዜ ነው የሚይዘው። ካርዱን ከቀረጻው በፊት፣ ቀድሞ በውስጡ የነበረው መገልበጡን አረጋግጣችሁ፣ በራሱ በካሜራው ላይ ፎርማት አድርጉት። ባትሪዎቹን በማታው ቻርጅ አድርጉ፤ የሞላውንና ያለቀውን የምትለዩበት ፕላስተርና እስክርቢቶም ይኑራችሁ።

9. በቀረጻ ቀን

ፕሮዲዩሰሩ ከአንድ ቀን በፊት ለሁሉም የሚልከው አንድ ገጽ ወረቀት የመሰብሰቢያ ሰዓቱን፣ የቦታውን አድራሻ፣ የሚቀረጹትን ትዕይንቶች ቅደም ተከተል፣ ተዋናዮች ይዘው የሚመጡትን ልብስና የስልክ ቁጥሮችን ይይዛል። ተዋናዮችን ከቡድኑ ጋር በአንድ ሰዓት አትጥሩ፤ ዕቃ ሲዘረጋ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ የጠበቀ ተዋናይ ካሜራው ፊት ሲቀርብ ደክሟል።

እያንዳንዱ ሾት በአንድ ዓይነት ሥርዓት ይጀመር። መጀመሪያ ተዋናዮቹ ያለ ቀረጻ ይለማመዳሉ፤ የካሜራና የድምፅ ባለሙያዎቹ በዚያው ጊዜ ያስተካክላሉ። ከዚያ ጸጥታ ይጠየቃል፣ ድምፅ መቅዳት ይጀምራል፣ ካሜራ ይጀምራል፣ የትዕይንቱ፣ የሾቱና የቴኩ (ያው ሾት ለስንተኛ ጊዜ እንደተቀረጸ የሚያሳየው) ቁጥር በክላፐር፣ ማለትም በካሜራው ፊት በሚጨበጨበው ሰሌዳ፣ ላይ ተጽፎ በድምፅም ይነገራል፣ ዳይሬክተሩም «አክሽን» ይላል። ክላፐር ከሌለ በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ይበቃል፤ ድምፁ ለብቻው በመቅጃ ከተቀዳ ከምስሉ ጋር የሚገጣጠመው በዚያች የጭብጨባ ነጥብ ነው። ከ«አክሽን» በፊት እና ድርጊቱ ካለቀ በኋላ 5 ሰከንድ ያህል ሳይቋረጥ ይቀረጽ፤ ዳይሬክተሮች በደስታ ቶሎ «ከት» (ይቁም) ሲሉ ኤዲተሩ የሚያያይዝበት ጫፍ ያጣል።

ድምፅን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ተመልካች ትንሽ የጨለመ ወይም የተንቀጠቀጠ ምስልን ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገሥም። በካሜራው ላይ ያለው ማይክ ከተናጋሪው 3 ሜትር ርቆ ሲቆም የሚቀዳው ክፍሉን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ማይኩን ከምስሉ ጠርዝ ውጭ እስከተቻለ ድረስ ወደ አፉ አቅርቡት፤ ቡም ማይክ (በረጅም ዘንግ ጫፍ የሚያዝ ማይክ) ከሌላችሁ የደረት ማይክ፣ እርሱም ከሌለ በልብስ ኪስ የተቀመጠ ስልክ በድምፅ መቅጃነት ከሩቅ ካሜራ ይሻላል። የንግግሩ ከፍተኛ ነጥብ በመለኪያው ላይ ወደ -12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ አስተካክሉ፤ 0 ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ድምፅም አይጠገንም። የድምፅ ባለሙያው በእያንዳንዱ ቴክ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ያዳምጥ፤ አውሮፕላን ወይም መኪና ካለፈ በይሉኝታ ዝም ሳይል ይናገር። ከእያንዳንዱ ቦታ ከመነሣታችሁ በፊትም ሁሉም ሰው ባለበት ቆሞ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለ30 ሰከንድ ቅዱ፤ በኤዲቲንግ ጊዜ በንግግሮች መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት የሚሞላው ይህ ድምፅ ነው።

አንድ አባል፣ ብዙ ጊዜ ኤዲተሩ፣ የእያንዳንዱን ቴክ ቁጥር፣ ዳይሬክተሩ የወደደውን እና የተበላሸበትን ምክንያት በወረቀት ይመዝግብ። ይኸው ሰው በየሾቱ መጨረሻ የተዋናዮችን ልብስ፣ ፀጉርና በእጃቸው ያለውን ዕቃ በስልክ ፎቶ ያንሳ፤ ታሪኩ በቅደም ተከተሉ ስለማይቀረጽ በሰፊው ሾት ሙሉ የነበረ ብርጭቆ በቅርቡ ሾት ባዶ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ቃለ መጠይቅ የምትቀርጹ ከሆነ ተጠያቂው ጥያቄውን በመልሱ ውስጥ አካቶ እንዲናገር ጠይቁት፤ «አዎ፣ በጣም ከባድ ነበር» የሚለው መልስ የጠያቂው ድምፅ ሲቆረጥ ትርጉም አይኖረውም። ከቃለ መጠይቁ በኋላ ተጠያቂው ስለ ጠቀሳቸው ነገሮች ሁሉ ተጨማሪ ምስሎችን ለመቅረጽ ከንግግሩ ያላነሰ ጊዜ መድቡ።

10. የተቀረጸውን በዚያው ዕለት መገልበጥ

ማንም ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት የካርዶቹ ይዘት በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ይገልበጥ። በመረጃ አያያዝ የታወቀው ደንብ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ፣ 1ዱ በሌላ ቦታ የሚል ነው፤ ለተማሪ ቡድን ይህ ማለት አንድ ቅጂ በኤዲቲንግ ኮምፒውተሩ፣ አንድ ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ በሌላ አባል ቤት ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከተገለበጡት ፋይሎች ጥቂቶቹን ከፍታችሁ ተመልከቱ፣ ብዛታቸውንና መጠናቸውንም ከካርዱ ጋር አስተያዩ፤ ካርዱ ፎርማት የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው።

11. ኤዲቲንግ

ሥራው የሚጀመረው ከመቁረጥ ሳይሆን ከማደራጀት ነው። ለምስል፣ ለድምፅ፣ ለሙዚቃ፣ ለጽሑፍና ለፕሮጀክት ፋይሉ የተለያዩ ፎልደሮች ይከፈቱ፤ የፋይሎቹ ስም ትዕይንቱን፣ ሾቱንና ቴኩን ይያዝ። ፕሮግራሙ ፋይሎቹን የሚያገኘው በተቀመጡበት አድራሻ ስለሆነ፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ፎልደሮችን ከቦታቸው አታንቀሳቅሱ።

ኤዲተሩ በመጀመሪያ ሁሉንም ቴኮች ይመልከት፤ በቀረጻው ቀን የተወደደው ቴክ ሁልጊዜ የተሻለው ላይሆን ይችላል። ከዚያ ትዕይንቶቹን በስክሪፕቱ ቅደም ተከተል፣ ያለ ሙዚቃና ያለ ቀለም ማስተካከያ፣ በሻካራው ይደርድር። ይህ የመጀመሪያ ቅንብር ከተጠበቀው በላይ ረጅምና አሰልቺ ሆኖ ይመጣል፤ ይህ ልማድ ነውና ቡድኑ ተስፋ መቁረጥ አይገባውም። በሁለተኛው ዙር የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህ ሾት ቢወጣ ተመልካቹ የሚያጣው ነገር ምንድን ነው? መልሱ «ለመቅረጽ ብዙ ደክመንበታል» ከሆነ ሾቱ ይውጣ። ትዕይንቶች ብዙ ጊዜ የሚሻሻሉት ዘግይተው ሲጀምሩና ቀድመው ሲያልቁ ነው፤ ሰው በር ከፍቶ ገብቶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ተቀምጦ እስኪናገር መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛውን ቅንብር በሥራው ላይ ላልተሳተፉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አሳዩ። ከማሳየታችሁ በፊት ስለ ታሪኩ ምንም አትንገሯቸው፤ ካዩ በኋላም «ወደዳችሁት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ለጓደኛ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነውና። የተረዱትን ታሪክ እንዲተርኩላችሁና የት ላይ ግራ እንደተጋቡ ወይም እንደሰለቹ እንዲነግሯችሁ አድርጉ። የሚያቀርቡትን መፍትሔ ሳይሆን የጠቆሙትን ቦታ ያዙ፤ ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ከተደናገሩ ችግሩ እዚያ ወይም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ አለ።

ማስተካከያው ካለቀ በኋላ ምስሉ እንደማይለወጥ በአንድነት ወስኑ። ድምፅና ቀለም የሚሠሩት ከዚህ ውሳኔ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ በእያንዳንዱ የምስል ለውጥ የድምፁ ሥራ ይፈርሳል። በድምፅ ሥራው ንግግሩ ይቅደም፤ የንግግሩ መጠን በሁሉም ትዕይንቶች ተመሳሳይ ከሆነ በኋላ የክፍሉ ባዶ ድምፅ፣ ከዚያ የእግርና የበር ድምፆች፣ በመጨረሻም ሙዚቃው ይግባ። ሙዚቃው ንግግሩን የሚጋፋ ከሆነ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጉት። በቀለም ሥራው መጀመሪያ የአንድ ትዕይንት ሾቶች እርስ በርስ እንዲመሳሰሉ አድርጉ፤ ለፊልሙ ልዩ መልክ መስጠት ጊዜ ከተረፈ የሚደረግ ነው።

በመዝጊያው ጽሑፍ ላይ የተባበሯችሁን ሰዎች፣ ቦታ የፈቀዱትንና የሙዚቃውን ባለቤት ስም በትክክለኛ ፊደል ጻፉ፤ «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ» የሚለዋወጡባቸውን ስሞች ባለቤቶቹን ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው የአማርኛ ፊደል ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ባዶ ሳጥን ሊሆን ስለሚችል፣ ጽሑፉ በምስሉ ውስጥ ታትሞ መውጣቱን በተላከው ፋይል ላይ ተመልከቱ።

12. ማውጣትና ማስረከብ

መግለጫው ሌላ ካላዘዘ በኤች.264 የተጨመቀ የኤምፒ4 ፋይል በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ላይ ይከፈታል። የፍሬሙ ብዛትና የምስሉ መጠን ከቀረጻው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ፋይሉ ከወጣ በኋላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳታቋርጡ፣ ኤዲቲንግ ባልተሠራበት ሌላ መሣሪያ ላይ ተመልከቱት፤ አንድ ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ ጊዜ በስልክ ወይም በቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ ስሙት። በታይምላይኑ (በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ሾቶች በሚደረደሩበት መስመር) መጨረሻ የተረሳ ጥቁር ምስል፣ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ንግግር፣ በሁለት ሾቶች መካከል ብልጭ የምትል ባዶ ፍሬም የሚገኙት በዚህ ምልከታ ነው። የፋይሉ ስም መግለጫው በሚያዘው መሠረት ይሁን፤ «የመጨረሻ_አዲስ_የመጨረሻ» የሚል ስም የያዘ ፋይል ለመምህሩም ለእናንተም አይጠቅምም።

ከቪዲዮው ጋር የየግል ሪፖርት የሚጠየቅ ከሆነ እያንዳንዱ አባል የሠራውን ከቀረጻው መዝገብና ከጊዜ ሰሌዳው እያመሳከረ ይጻፍ፤ የትኛውን ውሳኔ እንደወሰነ፣ ለምን እንደወሰነና በቅንብሩ ውስጥ በየትኛው ደቂቃ ላይ እንደሚታይ ቢጠቅስ ከጠቅላላ መግለጫ የበለጠ ያስረዳል። የፕሮጀክት ፋይሉና የተቀረጹት ምስሎች ማርኩ እስኪሰጥና የሚታረም ነገር አለመኖሩ እስኪታወቅ ድረስ ከሁለቱም ዲስኮች ላይ አይጥፉ።